ሽፈራውና ነጭ ሽንኩርት ዓሣን ከፀረ ተባይ ያድናሉ? ለአንድ የኩሬ ባለቤት የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ «መቂ አካባቢ 200 ካሬ ሜትር የምትሆን የዓሣ ኩሬ አለችኝ። የማረባው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው። ውሃ የማስገባው ከመስኖ ቦይ ነው፤ ቦዩ የጎረቤቴን የቲማቲም ማሳ ታክኮ ይመጣል። በቅርቡ እነሱ መድኃኒት በረጩ ማግስት ብዙ የዓሣ ጫጩት ሞተብኝ። የተረፉትም መኖ አንቀምስም ብለው ሰነበቱ። ኢንተርኔት ላይ ሽፈራው፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ ከመኖ ጋር ቢሰጥ ዓሣን ከኬሚካል ይከላከላል የሚል አነበብኩ። እውነት ነው? ስንት ልስጣቸው? የተረፉትንስ መሸጥ እችላለሁ?»

መልስ፦

ያነበቡት ነገር ውሸት አይደለም። ግን እርስዎ ላይ የደረሰውን አያስቆምም። እነዚህ ቅጠሎችና ቅመሞች የሚረዱት ዓሣው ለሳምንታት ትንሽ ትንሽ ኬሚካል ሲያገኘው ነው። ባንዴ ለመጣ መርዝ አይደርሱም። የእርስዎ ደግሞ ባንዴ የመጣ ነው የሚመስለው።

«ነው የሚመስለው» ያልኩት በምክንያት ነው። ኩሬ ውስጥ ዓሣ በሞተ ቁጥር መርጫውን ተጠያቂ ማድረግ ይቀናናል። ብዙ ጊዜ ግን ገዳዩ የኦክስጅን እጥረት ነው። ሁለቱን ለመለየት ሰዓቱንና የሞቱትን ዓሦች ትልቅነት ይዩ። ኦክስጅን ሲያንስ ሞቱ ሊነጋጋ ሲል ይመጣል፤ ዓሦቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ይጎርሳሉ፤ ትልልቆቹ ይቀድማሉ። ፀረ ተባይ ሲሆን ሰዓት አይመርጥም። አብዛኛውን ጊዜ ጫጩቶቹ ይቀድማሉ። ዓሣው ይቅበዘበዛል፣ ይዞራል፣ በጎኑ ይዋኛል፣ ይንቀጠቀጣል። ፕሮፌኖፎስና ማላታዮን የሚባሉት የነፍሳት መድኃኒቶች ባሉበት ቡድን ከተመረዘ የደረቱ ክንፎች ወደፊት ተወጥረው ደርቀው ሊያገኙት ይችላሉ። አንድ ምልክት ደግሞ አለ፤ ብዙ ሰው አያየውም። የውሃ ላይ ጥንዚዛዎችና ሌሎች ነፍሳት ሞተው ዳር ላይ ተሰብስበው ከሆነ ጉዳዩ ኦክስጅን አይደለም። ነፍሳት ለመግደል የተሠራ ኬሚካል መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ነው።

እርስዎ እንደገለጹት ጫጩቶቹ ናቸው የሞቱት፤ የሆነውም በርጭቱ ማግስት ነው። ስለዚህ መርዝ ነው ብዬ ልቀጥል።

አሁን ቅጠሉ ለምን ባንዴ ለመጣ መርዝ እንደማይሆን ላስረዳ። ቲማቲም ላይ ከሚረጩት የነፍሳት መድኃኒቶች ብዙዎቹ ከሁለት ቡድን ናቸው። አንደኛው ኦርጋኖፎስፌት ነው፤ ፕሮፌኖፎስ፣ ማላታዮንና ክሎርፓይሪፎስ እዚህ ይገባሉ። ነርቭ ለነርቭ መልእክት ካስተላለፈ በኋላ መልእክቱን የሚያጠፋ ኢንዛይም አለ፤ አሴቲልኮሊንኤስትሬዝ ይባላል። እነዚህ ኬሚካሎች እሱን ያስሩታል። መልእክቱ አይጠፋም፤ ጡንቻው እንደተወጠረ ይቀራል። ሁለተኛው ቡድን ፓይሬትሮይድ ነው፤ ላምዳ ሳይሃሎትሪንና ዴልታሜትሪን ከዚህ ናቸው። እነሱ ደግሞ የነርቩን የሶዲየም በር ከፍተው ያስቀሩታል። ሽፈራውም ሆነ ጥቁር አዝሙድ የታሰረውን ኢንዛይም አይፈታም። የተከፈተውንም በር አይዘጋም።

ታዲያ የሚጠቅሙት የቱ ጋ ነው? ሁለቱም ዓይነት ኬሚካሎች ነርቩን ከመምታት ሌላ ሁለተኛ ጉዳት አላቸው። የዓሣው ጉበት ኬሚካሉን ሊያፈርስ ሲታገል ሴል የሚያቃጥሉ የኦክስጅን ውጤቶች ይበዛሉ። ጉበትና ኩላሊት ይጎዳሉ፤ መተንፈሻ ስንጥቡም ያብጣል። የበሽታ መከላከያ አቅም ይወርዳል፤ ዓሣው ከኬሚካሉ ቢተርፍ እንኳ በባክቴሪያ ይወድቃል። በዚህኛው ጉዳት ላይ ነው ዕፅዋቱ የሚሠሩት። የእርድ ኩርኩሚን፣ የጥቁር አዝሙድ ታይሞኪኖን፣ የነጭ ሽንኩርት የድኝ ውህዶች፣ የሽፈራው ቫይታሚኖችና ፍላቮኖይዶች ቃጠሎውን ያበርዳሉ።

በዚህ ላይ ብዙ ሙከራ የተሠራው ግብፅ ውስጥ ነው፤ የቆሮሶ እርባታቸው ከአፍሪካ ትልቁ ነውና። ሙከራዎቹ አብዛኞቹ አንድ ዓይነት አካሄድ አላቸው። ዓሣው መስታወት ገንዳ ውስጥ ይገባል። ከገዳዩ መጠን ክፍልፋይ፣ ለምሳሌ አንድ አሥረኛው፣ ይሰጠዋል። ግማሾቹ ዕፅዋት የገባበት መኖ ይበላሉ፤ ግማሾቹ ተራውን። ከአንድ ወይም ከሁለት ወር በኋላ ደማቸውና ጉበታቸው ይታያል። ዕፅዋት የበሉት የተሻለ ጉበት ይዘው ይገኛሉ። ግን ልብ ይበሉ፤ ገንዳው ውስጥ የነበረው አንድ ኬሚካል ብቻ ነው፤ መጠኑም ተለክቶ የገባ ነው። የእርስዎ ቦይ ውስጥ የነፍሳት መድኃኒት ማንኮዜብ ከሚባለው የፈንገስ መድኃኒት ጋር ተቀላቅሎ፣ መጠኑ ሳይታወቅ ነው የሚመጣው።

መጠኑን ካነሳን አንድ ስሌት እንሥራ። ኩሬዎ 200 ካሬ ሜትር ናት። ጥልቀቷ አንድ ሜትር ነው እንበል። ስለዚህ 200 ሺህ ሊትር ውሃ ትይዛለች። ላምዳ ሳይሃሎትሪን ትራውትን የመሰሉ ስስ ዓሦችን በሊትር ከግማሽ ማይክሮግራም ባነሰ መጠን ይገድላል። ቆሮሶ ከትራውት ይጠነክራል፤ ቢሆንም ያው የማይክሮግራም ጨዋታ ነው። 5 በመቶ ከሆነው መድኃኒት 2 ሚሊ ሊትር ብቻ ኩሬዎ ውስጥ ቢገባና ቢቀላቀል፣ ሙሉው ኩሬ በሊትር ግማሽ ማይክሮግራም ይደርሳል። 2 ሚሊ ሊትር ማለት የሻይ ማንኪያ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ይህ ብዙ መርዝ እንዳይመስልዎ። በጀርባ የሚታዘለው መርጫ 16 ሊትር ይይዛል። በሊትር አንድ ሚሊ ሊትር ከበጠበጡ፣ መጨረሻ ላይ ታንኩ ውስጥ የቀረችው ግማሽ ሊትር ግማሽ ሚሊ ሊትር መድኃኒት አለባት። ሠራተኛው መርጫውን ቦይ ውስጥ አራት ጊዜ ካጠበ 2 ሚሊ ሊትሯ ሞላች። በእርግጥ ከፊሉ ጭቃና ሣር ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ቢሆንም ከነፋሱ ብናኝ ይልቅ እኔ የምጠረጥረው እጥበቱን ነው። እስቲ መርጫው የት እንደሚታጠብ ሄደው ይዩ። መድኃኒቱ የሚበጠበጠው ቦዩ አፍ ላይ ከሆነማ አለቀ።

ከጎረቤት ጋር መጣላት አያስፈልግም። እሱም ወዶ አይደለም የሚረጨው። ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ተባይ እ.ኤ.አ. በ2012 አገራችን ውስጥ ከታየ ወዲህ ቲማቲም ያለ መድኃኒት የሚወጣ አልሆነም። የሚለምኑት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከመርጨቱ በፊት ስልክ ይደውልልዎት። ሁለተኛ፣ መርጫው ከቦዩ ርቆ ይታጠብ፤ እጣቢው ተመልሶ እዚያው ማሳው ላይ ይረጭ። ሁለቱም እሱን ሳንቲም አያስወጡትም። ከመቶ ግራም ጥቁር አዝሙድም በላይ ዓሣዎን ያተርፉልዎታል።

እርስዎ በኩል ደግሞ ዋናው ሥራ ውሃውን ከኩሬው በፊት ማቆየት ነው። ከመግቢያው ላይ ትንሽ ማቆያ ጉድጓድ ይቆፍሩ። ቄጠማ ወይም ሸምበቆ ይትከሉበት። ፓይሬትሮይድ ውሃ ውስጥ መንሳፈፍ አይወድም፤ ቅጠል፣ ግንድና ጭቃ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ሣር በበዛበት ቦይ ቀስ ብሎ የመጣ ውሃ ብዙውን መርዝ መንገድ ላይ ጥሎ ይመጣል። የመስኖ ሰዎች ቦይ ሲጠርጉ ሣሩን እስከ ሥሩ ይመነግላሉ። ወደ እርስዎ የሚመጣውን ቅርንጫፍ ባይነኩልዎ ጥሩ ነው። ኦርጋኖፎስፌት ግን እንደዚህ ቶሎ አይለጠፍም። ከነሱ ማላታዮንና ፕሮፌኖፎስ አልካሊ በሆነ፣ ማለትም የኮምጣጤ ተቃራኒ ጠባይ ባለው ውሃ ቶሎ ይፈርሳሉ፤ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ብዙ ቦታ አልካሊ ስለሆነ ይህ ይጠቅመናል። ክሎርፓይሪፎስን የመሰለው ግን ይቆያል። በርጭት ሰሞን መግቢያውን ዝጉ የምለው ለዚህ ነው። ኩሬዎ በትነት የምታጣውን ለጥቂት ቀን ትችለዋለች።

ውሃውን ሳያምኑት አያስገቡ። ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከማቆያው ውሃ በባልዲ ይቅዱ፤ አምስት ስድስት ጫጩት ይጨምሩበት፤ ጥላ ሥር አድርገው 24 ሰዓት ያቆዩት። ጎን ለጎን ከኩሬው ውሃ በሌላ ባልዲ እንደዚሁ ያድርጉ። የመጀመሪያው ባልዲ ጫጩቶች ከተቅበዘበዙና የሁለተኛው ደህና ከሆኑ መግቢያውን አይክፈቱ። ባልዲ ውስጥ ጫጩት አያብዙ፤ አየር አጥሮት የሞተው ያሳስትዎታል።

ነፋስ በሚመጣበት በኩል የዝሆን ሣር ወይም ሰስባንያ ቢተክሉ ብናኙን ይቀንሳል። መቂ ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ እንዴት እንደሚነሳ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ጎረቤትዎ ማለዳ ቢረጭ ለሁለታችሁም ይሻላል።

ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ ነው እንግዲህ ወደ መኖው የምንመጣው። እዚህ ላይ ሐቀኛ አስተያየቴን ልንገርዎት። ከቅመሙ በፊት የመኖዎን ጉበት ገዳይነት ይፈትሹ። አብዛኛው የእኛ አገር የዓሣ መኖ ከኑግ ፋጉሎና ከፍሩሽካ ነው የሚሠራው። ፋጉሎ እርጥበት ካገኘው ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን ያመርታል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ላሞች ወተት ላይ ችግሩ ጎልቶ ሲወጣ ዋናው ተጠርጣሪ ይኸው የኑግ ፋጉሎ ነበር። አፍላቶክሲን ደግሞ ዋና ሥራው ጉበት ማበላሸት ነው። ጠዋት አፍላቶክሲን እያበሉ ማታ ለጉበት መከላከያ ሽፈራው መስጠት ገንዘብ ማቃጠል ነው። የሻገተ፣ የተጋገረ፣ ሽታው የተለወጠ ፋጉሎ አይግዙ። የገዙትንም ከመሬት ከፍ አድርገው በደረቅ ቦታ ያስቀምጡ።

ሌላው ቫይታሚን ሲ ነው። ቆሮሶ እንደ ሰው ቫይታሚን ሲ ራሱ አይሠራም። ከመኖ ወይም ከኩሬው አረንጓዴ ውሃ ማግኘት አለበት። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚሸጠው ቫይታሚን ሲ ያለበት ቅልቅል መኖው ውስጥ ከሌለ መጀመሪያ እሱን ያሟሉ።

ከዚያ ዕፅዋት ይምረጡ። አንድ ብቻ። ሁሉንም ቅመም አይደባልቁ፤ በርበሬ አያስፈጩም እኮ። እኔ ለእርስዎ የምመርጠው ሽፈራውን ነው። ጥቁር አዝሙድ ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። ነጭ ሽንኩርትም እንደ ገበያው ነው። ስፒሩሊና በሚባለው ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ላይ የተሠሩት ሙከራዎች ጠንካራ ናቸው። እኛ አገር አረንጓዴ ሐይቅና ጭቱ ሐይቅ ላይ በተፈጥሮው ይበቅላል። ግን ከሐይቅ እየቀዱ ማብላትን አልመክርም፤ አብሮት መርዛማ አልጌ ሊመጣ ይችላል። የተዘጋጀው ደግሞ ለዓሣ መኖ ውድ ነው።

ስለ ሽፈራው አንድ ነገር። ሙከራዎቹ በአብዛኛው የተሠሩት ሞሪንጋ ኦሌይፌራ በሚባለው ዝርያ ነው። ኮንሶና ደቡብ የሚበቅለው የእኛው ሽፈራው ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ ነው። ቅጠላቸው ይቀራረባል፤ ሁለቱንም ሰው ይበላቸዋል። ስለዚህ በትንሽ መጠን ብዙ አልሰጋም። ቅጠሉን እንጂ ዘሩን እንዳይሰጡ ብቻ። የዘሩ ጭማቂ ውሃ ለማጥራት ይጠቅማል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን ዓሣን ይመርዛል።

መጠኑ ከመኖው ከ1 እስከ 2 በመቶ ይሁን። ኩሬዎ ውስጥ 400 ዓሣ አለ፣ አማካይ ክብደታቸው 100 ግራም ነው እንበል። ጠቅላላ 40 ኪሎ ይሆናል። በቀን 3 በመቶ ካበሉ 1 ኪሎ ከ200 ግራም መኖ ነው። 2 በመቶው 24 ግራም የደረቀ የሽፈራው ዱቄት ነው። በወር 720 ግራም ማለት ነው። «ትንሽ ነው፣ ልጨምርበት» እንዳይሉ። ሽፈራው ውስጥ ሳፖኒን፣ ታኒንና ፋይቴት የሚባሉ መኖ በደንብ እንዳይፈጭ የሚያደርጉ ውህዶች አሉ። ከመኖው ፕሮቲን ከ10 በመቶ በላይ በሽፈራው ሲተካ ቆሮሶ ዕድገቱ እንደሚቀንስ የታወቀ ነው።

አዘገጃጀቱ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ዱቄቱን ከፍሩሽካ ጋር ቀላቅሎ ኩሬ ላይ መበተን ጥቅም የለውም። ውሃው ይበትነዋል፤ ለኩሬው ማዳበሪያ ሆኖ ይቀራል። ቅጠሉን ጥላ ውስጥ ያድርቁ፤ ፀሐይ አያስነኩት። ይውቀጡና በወንፊት ይንፉ። ከተፈጨው ፋጉሎና ፍሩሽካ ጋር በደረቁ ያዋሕዱት። ቀጠን ያለ የዱቄት ሙቅ ይሥሩ፤ ሲቀዘቅዝ ማጣበቂያ አድርገው ያቡኩት። በሥጋ መፍጫ ያውጡት፤ እንደ ፓስታ ሆኖ ይወጣል። ጥላ ላይ ያድርቁትና ይሰባብሩት። ነጭ ሽንኩርት ለመሞከር ከፈለጉ ሙቁ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ይጨምሩት፤ ዋናው ውህድ አሊሲን ሙቀት አይችልም። መጠኑን ሲያነቡም የደረቀ ዱቄት ይሁን እርጥብ ለይተው ይዩ፤ እርጥቡ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ወደ ሦስት እጥፍ ያስፈልጋል። እርድ ከሆነ ትንሽ ዘይት ጠብ ያድርጉበት፤ ኩርኩሚን ያለ ቅባት ወደ ሰውነት መግባት ይከብደዋል።

መጀመሪያ የሚሰጡት የርጭቱ ወቅት ከመግባቱ ከሦስት አራት ሳምንት በፊት ነው። ዓሣው ከታመመ በኋላ መስጠት ብዙ ትርጉም የለውም፤ የታመመ ዓሣ መኖ አይበላማ። በየሁለት ሳምንቱ ሃያ ያህል ዓሣ አውጥተው ይመዝኑ። ክብደታቸው ከቆመ ዱቄቱን ይቀንሱ።

«ቅጠል ስለሆነ አይጎዳም» የሚለውን ሐሳብ ደግሞ ከአሁኑ ይተዉት። ብርብራን ያውቃሉ። ዘሩ ተወቅጦ ወንዝ ላይ ሲበተን ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል። በጣና ገባር ወንዞች ይህ እስካሁን ዓሣ እየጨረሰ ነው፤ ውስጡ ያለው ሮተኖን የሚባል መርዝ ነው። እንዶድም እንዲሁ ነው። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት ታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው የእንዶድን ኃይል ለዓለም ያስተዋወቁት። ያው እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። ኒምም ፀረ ተባይ ነው፤ ስሙን «ተፈጥሯዊ» ስላሉት ብቻ ኩሬ ዳር አይወቀጥም። ፓይሬትሮይድም ቢሆን መነሻው አበባ ነው።

መርዝ ገብቷል ብለው ሲጠረጥሩ መኖ ያቁሙ። ንጹሕ ውሃ ካለዎት ይቀይሩ፤ ውሃው በረጅሙ እየወደቀ ቢገባ አየርም ይጨምራል። ኖራ አይድፉ። ኖራ የውሃውን ፒኤች፣ ማለትም አልካሊነቱን፣ ከፍ ያደርጋል፤ ፒኤች ሲወጣ ኩሬው ውስጥ ያለው አሞኒያ ወደ መርዛማው ዓይነት ይዞራል። ከአንዱ ያመለጠው ዓሣ በሌላው ይሞታል።

ወደ ሽያጩ ልምጣ። የሞተውን አይሽጡ፣ ለውሻም አይስጡ። ይቅበሩት፤ ከቦዩና ከጉድጓድ ውሃ አርቀው። የተረፉትን ደግሞ አሁን አያውጡ። የመኖው ዕፅዋት የዓሣውን ጉበት ረዳ ማለት ሥጋው ውስጥ ኬሚካል የለም ማለት አይደለም። ደህና የሚዋኝ ዓሣ ሥጋው ንጹሕ ነው ብሎ ማሰብ አደገኛ ነው። ፕሮፌኖፎስና ላምዳ ሳይሃሎትሪን እንደ ዲዲቲ ለዓመታት የሚከርሙ አይደሉም፤ ዓሣው በጊዜ እያፈረሰ ያስወጣቸዋል። ዲዲቲና ተረፈ ውህዶቹ ግን ዝዋይ ሐይቅ ዓሦች ውስጥ ሳይቀር ተገኝተዋል፤ ስብ ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ። ስለዚህ ጎረቤትዎ የሚረጨውን ጠርሙስ ጽሑፍ ያንብቡ። የታወቀ መድኃኒት ከሆነ ንጹሕ ውሃና ንጹሕ መኖ እየሰጡ ቢያንስ ጥቂት ሳምንታት ያቆዩ። ጽሑፍ የሌለው፣ በሃይላንድ ላስቲክ የተሸጠ ከሆነ ግን ሳያስመረምሩ አይሽጡ። በሁለቱም መንገድ ሆድ ዕቃውና ስቡ አይበላ።

ምርመራ ካሰቡ ናሙናውን ሞቱ እንደታየ ይውሰዱ። ውሃውን በመስታወት ጠርሙስ ይቅዱ፤ ፓይሬትሮይድ ላስቲክ ላይ ተለጥፎ ስለሚቀር በፕላስቲክ የሄደ ናሙና ምንም ላያሳይ ይችላል። ዓሣውን፣ ገና ያልሸተተውን፣ በአልሙኒየም ወረቀት ጠቅልለው በረዶ ላይ ያድርጉት። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የመድኃኒቱን ስም ይጻፉበት። ባቱ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ለእርስዎ ቅርብ ነው፤ ካልሆነ ሰበታ አለ። ከመሄድዎ በፊት ደውለው የትኛው ላቦራቶሪ እንደሚቀበል ይጠይቁ። ናሙናው መንገድ ላይ አንድ ቀን ሙቀት ላይ ካደረ መልሱ አያስተማምንም።